የእትዬ ሚስማር አሥራ ሁለት በአንድ

እውነተኛ ስሟን ከባሏና ከመታወቂያዋ በቀር የሚያውቀው የለም፤ ገበያው በሙሉ «እትዬ ሚስማር» ይላታል። በዕድሜዋማ አንቱ ልንላት ይገባን ነበር። ነገር ግን እሷ ራሷ አንቱታ አይጥማትም። «አንቱ የሚለኝ ደንበኛ ወይ በዱቤ ሊወስድ ነው፣ ወይ ዕቃ ሊመልስ ነው» ትልና እንዲህ ያለውን ሰው ዋጋ ትጨምርበታለች። እኛም ለኪሳችን ስንል «እሷ» እያልን እንቀጥላለን።

ከአውቶቡስ መናኸሪያው አጥር ሥር፣ በጫማ ጠጋኙና በሰዓት አዳሹ መሃል፣ ሰማያዊ ሸራ የተጋረደችላት አንዲት ጠረጴዛ አለቻት። ጠረጴዛዋ ላይ የሚሸጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለገብ ፒንሳ። ስትታጠፍ መዳፍ ውስጥ ትገባለች። ስትዘረጋ ደግሞ ፒንሳው፣ ቢላው፣ መጋዙ፣ መቀሱ፣ ካቻቪቴው፣ ሞረዱ፣ የቆርቆሮ መክፈቻው፣ ወረንጦው፣ ምኑ ቅጡ! እትዬ ሚስማር «አሥራ ሁለት በአንድ!» እያለች ነው የምትጣራው። አንድ ቀበጥ ተማሪ ተቀምጦ ቆጠረና «እትዬ፣ ዐሥር ብቻ ናት እኮ» ሲላት፣ «የቀሩትን ሁለቱን ስትገዛት ታገኛቸዋለህ» አለችው። ልጁም ገዛ።

ዕቃው ፎርጅድ ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። ካቻቪቴዋ ጠበቅ ያለ ብሎን ስታይ አንገቷን ትሰብራለች። መቀሷ ወረቀት ብትቆርጥም ጨርቅ ሲሰጧት ታኝካለች እንጂ አትቆርጥም። ቢላዋ አልከፈት ብላ ጥፍር ታስነቅላለች፤ አንዴ ከተከፈተች ደግሞ አልዘጋም ብላ ትምላለች። ወረንጦዋ ገዢው ቤቱ ሳይደርስ መንገድ ላይ ትጠፋለች። መጋዟንማ ተዉት፤ «ከእጅ አይሻል ዶማ» የተባለው እሷን አይቶ ይመስላል። እውነቱን ለመናገር ግን ምግባርም አላት። ጠርሙስ በመክፈት ወደር የላትም። የላላ የመነጽር ብሎን፣ ቁልፉ የጠፋ ሻንጣ፣ ጣት ውስጥ የገባ ስንጥር፣ እነዚህን ሁሉ ከነክብሯ ትወጣቸዋለች። ጎረቤት ተውሶ ቢያስቀራት ጠብ አይነሳባትም፤ እንዲያውም የጎረቤት መቅጫ ናት። ጉልበቷ የሚከዳት ትልቅ ሥራ ሲመጣ ብቻ ነው፤ በዚህስ ከስንታችን ትለያለች?

ታዲያ ሰው ይህን ሁሉ እያወቀ ለምን ይገዛል? በሚስማሩ ነዋ! ጠዋት ተሳፋሪው ሲበዛ እትዬ ሚስማር ሻሿን ጠበቅ ታደርግና አንድ ሚስማር በሁለት ጣቷ ወደ ላይ ታነሳለች። «ጥርሴን አምነዋለሁ የሚል ይምጣና ይንከሳት!» ትላለች። ማንም አይመጣም። «እንግዲያውስ የኔዋ ትንከሳት!» ብላ ፒንሳውን ጠቅ አድርጋ ትዘረጋና ቀጭ! ሚስማሩ ለሁለት ይሆናል። «ሚስትህ ያጠበቀችውን ብሎን ትፈታለች! አማትህ የዘጋችውን በር ትከፍታለች! ከኪስህ ወጥታ አታሳፍርህም!» ሰው ይስቃል፤ የሳቀ ሰው ደግሞ እጁ ወደ ኪሱ መሄዱ አይቀርም። ለገዢው ከካርቶኑ ውስጥ በላስቲክ የታሸገ አዲስ ይሰጠዋል። ሚስማር የቆረጠው ፒንሳ ግን ቀስ ብሎ ወደ ሽርጧ ኪስ ይመለሳል።

ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ያ ፒንሳ ከካርቶኑ የወጣ አይደለም። የባሏ ነው።

ባሏ ጡረታ የወጣ የሊፍት ጥገና ሠራተኛ ነው፤ ሰፈሩ «ጋሽ ኦሪጅናል» ብሎ ስም አውጥቶለታል። ድሮ፣ ገና ጎልማሳ ሳለ፣ አንድ ሊፍት ሰው እንደያዘ በሁለት ፎቅ መካከል ተሰንቅሮ ቀረ። እሱ በገመድ ወርዶ በሩን ፈልቅቆ ሰዎቹን አወጣ። ከወጡት አንዱ የሊፍቱ ዋና ኢንጂነር ኖሮ፣ ሰውዬው ከወገቡ ላይ ሁለገብ ፒንሳውን ከነቆዳ አፎቱ ፈትቶ ሸለመው። ኦሪጅናል፣ ማህተም ያለው፣ የማይዝግ! ያን ቀን እትዬ ሚስማር ሽልማቱን ይዛ ሰፈሩን በር ለበር አዳረሰችው። ያላየ ጎረቤት፣ ያልነካ ሕፃን አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ሰውየው ሌላ ወሬ የለውም። እንግዳ ቢመጣ ስለ ኦሪጅናል፣ ጎረቤት ቢታመም ስለ ኦሪጅናል። «በድምፁ ይታወቃል» ይላል ጣቱን ቀስሮ። «ኦሪጅናል አንዴ ጠቅ ይልና ዝም ይላል። ፎርጅድ ግን እንደ ሐሜተኛ ሲንኳኳ ይውላል።» የሚስቱን ሸቀጥ «ያ ቆርቆሮሽ» ነው የሚለው፤ በዚያው ቆርቆሮ የተገዛ ዳቦ ሲበላ ግን ድምፁ አይሰማም። አንድ ጊዜ ፒንሳውን ለገበያ አውሰኝ ብትለው፣ «ምን? ኦሪጅናል ከፎርጅድ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም!» ብሎ ቀኑን ሙሉ አኮረፈ።

እሷም ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ጠዋት እሱ ጓሮ ጢሙን ሲላጭ፣ ከበሩ ጀርባ ከተሰቀለው አፎት ፒንሳውን አውጥታ ሽርጧ ውስጥ ትከተዋለች። ማታ ከእራት በፊት ትመልሰዋለች። ከእራት በኋላ እሱ ያወጣውና በጨርቅ፣ በዘይት ጠብታና በአንዲት ትንሽ ሞረድ ሲያሻሸው ያመሻል።

«ሙሽራ አደረግኸው እኮ!» ትለዋለች፣ ሳቋን እየዋጠች።

«አንቺ ስለ ኦሪጅናል ምን ታውቂያለሽ?» ይላታል።

ይህ ነገር ለዓመታት እንዲህ ሄደ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ እሷንም እያሳሳቀ ነበር የወሰዳት።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሚስማሩን ገና ቆርጣ ሳትጨርስ፣ ዝናቡ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ወረደ። ገበያው ተተራመሰ። እትዬ ሚስማር በአንድ እጇ ሸራውን ይዛ፣ በሌላው እጇ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሁሉ ጠርጋ ካርቶኑ ውስጥ ሞጀረችው። በዚህ መሃል አንድ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር፣ ጋዜጣ ራሱ ላይ ደፍቶ እየሮጠ መጣ። «አንድ ስጪኝ፣ ቶሎ በይ፣ ተሳፋሪ እየጮኸብኝ ነው!» አላት። ካርቶኑ ውስጥ እጇን ሰዳ ያገኘችውን ሰጠችው። ገንዘቡን ወርውሮላት ሮጠ፤ አውቶቡሱም ጥሩምባውን እየነፋ ወጣ።

ዝናቡ ሲያባራ ሽርጧን ዳበሰች። ባዶ ነው። ካርቶኑን ገለበጠች። ከውስጡ የወጣው ሁሉ በላስቲክ የታሸገ ነው፤ አንድም የተፈታ ፒንሳ የለም። እትዬ ሚስማር ክው አለች።

«ምነው፣ ሌባ ነካሽ?» አላት ጫማ ጠጋኙ።

«ራሴን በራሴ ነው የሰረቅሁት!» አለችና ካርቶኑ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ሰው እንደሚያስበው ለዕቃው አልነበረም ያዘነችው። ያ ሰውዬ ከሥራ ሲወጣ ያገኘው ነገር ቢኖር የወገብ ሕመም ነው። የሚኮራበት አንድ ነገር ቢኖረው ያ ፒንሳ ነበር። እሱንም ሚስቱ በዝናብ ቸበቸበችው! ምን ብላ ትንገረው?

አልነገረችውም። ከካርቶኑ ውስጥ የተሻለውን መምረጥ ጀመረች፤ ዕቃዋን ከልቧ ያየችው ያን ቀን ነው። አንደኛው መቀሱ አልከፈት አለ። ሌላው ስታነሳው ወረንጦውን ጣለ። አንዱ እንደ አራስ ድመት ጣቷን ነከሳት። «እናንተን ነው እንግዲህ በሰው ኪስ ውስጥ ስከት የኖርኩት!» አለች። በመጨረሻ ከሌሎቹ አነስ ብሎ የሚንኳኳ አንድ አገኘች። ማህተሙ የባሏም ዕቃ ላይ ድሮ ስለጠፋ፣ ይህንንም አስፋልት ላይ አሸት አሸት አድርጋ ሞረደችው። አመድ ቀባችው፣ ከሰዓት አዳሹ ዘይት ለምና አጠጣችው። ማታ አፎቱ ውስጥ አስገባችና እጇን ታጥባ ለእራት ቀረበች።

ከእራት በኋላ ጋሽ ኦሪጅናል እንደ ልማዱ አፎቱን አወረደ። ፒንሳውን አወጣ። ዘረጋው። አጠፈው፤ እንደገና ዘረጋው።

«አየሽ!» አለ በድንገት፣ ከወትሮው ጮክ ብሎ። «ኦሪጅናል ማለት ይህ ነው። ስሚ እስቲ ድምፁን!»

ድምፁ ሳንቲም እንዳለበት ቆርቆሮ ይንኳኳል።

«ሰማሁ» አለች፤ ሳህኖቹን ይዛ ወደ ጓዳ ሮጠች፣ ሻሿን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ እስኪያማት ሳቀች። ይህን ሁሉ ዓመት ስለ ድምፅ ሲሰብክ የኖረ ሰው! ሳቋ ሲያልቅ ግን ሆዷ ባባ። ምንም የማያውቅን ሰው ማታለል ደስ አይልም።

መጪው እሑድ ደግሞ ከባድ ቀን ነበር። ድሮ አብረውት ይሠሩ የነበሩ ሁለት ሰዎች፣ አንደኛው አለቃቸው የነበረው ፎርማን፣ ሁለተኛው ከቅጥነቱ የተነሳ «ሽቦ» የሚሉት መካኒክ፣ ለምሳ ተጠርተዋል። ጋሽ ኦሪጅናል ጓደኛ ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው፤ ፒንሳውን አውጥቶ ሚስማር ይቆርጣል። በዚያ ቆርቆሮ ሚስማር ቢሞክርበት በሰው ፊት መዋረዱ ነው። ስለዚህ እትዬ ሚስማር ከእሑድ በፊት ሹፌሩን ማግኘት አለባት። አንገቷን እንደ ሰጎን እያስረዘመች የሚገባውን አውቶቡስ ሁሉ ስትጠብቅ ሰነበተች።

ቅዳሜ ሹፌሩ ራሱ ወደ ጠረጴዛዋ መጣ።

«እትዬ!» አለ ፈገግ ብሎ። «ያቺ የሸጥሽልኝ ጉድ ናት እኮ! የራዲያተር ማሰሪያ ቆረጥኩባት፣ የመቀመጫ ብሎን ፈታሁባት፣ ንቅንቅ የለም። ለረዳቴ አንድ ልጨምር ብዬ ነው።»

«ልጨምርልህ! ግን ያቺን መልስልኝ፤ ትንሽ ጉድለት አለባት። አዲስ እሰጥሃለሁ።»

«ምን ጉድለት?»

«አሮጌ ናት፤ ተቧጭራለች። በአዲስ ልቀይርልህ።»

ሹፌሩ ዐይኑን አጠበበ። «ነጋዴ አሮጌ ወስዶ አዲስ ሰጠ ሲባል ሰምቼ አላውቅም።»

«ሁለት እሰጥሃለሁ።»

«ሁለት?» አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለና ኪሱን በመዳፉ ሸፈነ።

«ኧረ አምስት ውሰድ! ካርቶኑን ውሰድ!»

«ኦሪጅናል ናት ማለት ነው!» ብሎ ጮኸ ሹፌሩ። «በስህተት ነው የሰጠሽኝ! አምላክ ሲሰጥ እንዲህ ነው!»

እትዬ ሚስማር የምላሷን ተንኮል ሁሉ ሞከረች። ለመነች፣ ተቆጣች፣ «ልጄ» አለችው፣ «ወንድሜ» አለችው፤ ጭራሽ «አንቱ» ልትለው ምንም አልቀራትም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። «እናቴ ብትለምነኝም አልሰጥ!» ብሎ ለረዳቱ እንኳ ሳይገዛ ወደ አውቶቡሱ ሸሸ። ብዙ ስለሰጠችው ነው ያጣችው፤ የገበያ ሰው ሆና ይህ እንዴት ጠፋት? ጫማ ጠጋኙ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት መርፌው ወጋው። ደስ አላት።

እሑድ ደረሰ። እትዬ ሚስማር ከማለዳው ጀምራ ቤት ውስጥ ያለውን ሚስማር ሁሉ ለቅማ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ደበቀች። የግድግዳ ሰዓቱን የያዘውን ሳይቀር ነቅላ ሰዓቱን አልጋ ላይ አስተኛችው። እንግዶቹ መጡ፤ ሾርባው ቀረበ፤ ሥጋው ቀረበ። ፎርማኑ ሆዳም ነው፤ አንገቱን ደፍቶ ይበላል። ሽቦ ግን ብዙም ሳይቆይ አሻግሮ አፎቱን አየው።

«እህሳ ጋሼ!» አለ እየጠቀሰ። «ዛሬ ሚስማር አይቆረጥም?»

«ኧረ ሥጋው እንዳይቀዘቅዝ!» አለች እትዬ ሚስማር።

«እውነቷን ነው፣ ሥጋው ይቀዘቅዛል» አለ ጋሽ ኦሪጅናል። «ደግሞም እጄን ቁርጥማት ይዞታል።»

እትዬ ሚስማር ተገረመች። ይህ ሰው ሚስማር ለመቁረጥ ከአልጋ የሚነሳ ሰው አልነበረም? እሷ ልታስቀረው የተዘጋጀችበትን ነገር እሱ ራሱ እያስቀረው ነው።

«ሚስማርም የለንም!» ብላ ጨመረች።

«አዎ፣ ሚስማር የለንም!» አለ ባሏ ፈጥኖ። «ሰዓቱ እንኳ አልጋ ላይ ነው፤ ሂዱና እዩት።»

ባልና ሚስት ተያዩ። ሽቦም ሁለቱን አየና ነገሩ ጣመው። ከራሱ ኪስ ውስጥ አንድ ሚስማር አወጣ፤ ድሮም እንዲህ ያለ ሰው ነው፤ ያለ ሚስማር ከቤቱ አይወጣም። ተነስቶ አፎቱን ከበሩ ጀርባ አወረደ። «ተወው!» አሉት ሁለቱም በአንድ ድምፅ። እሱ ግን ሚስማሩን መሃል አስገብቶ ባለ በሌለ ኃይሉ ጨመቀ።

ቀጨም! የተቆረጠው ሚስማሩ አልነበረም። የፒንሳው አፍንጫ ተነቅሎ ጣሪያውን መትቶ ፎርማኑ ሾርባ ውስጥ ገባ።

ፎርማኑ ሾርባውን በማንኪያ ቆፈር ቆፈር አደረገና ቁራጩን አውጥቶ ከሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠው።

እትዬ ሚስማር ከዚያ በላይ አልቻለችም። ብድግ አለች፤ እንባዋ ቀደማት። «ጥፋቱ የኔ ነው! እሱ ምንም አያውቅም! ኦሪጅናሉን ሸጬዋለሁ! ጠዋት ጠዋት እየሰረቅሁ ገበያ ስወስድ ኖሬ በዝናብ ለሹፌር ሸጥኩት፤ ይህን በቦታው ያስገባሁት እኔ ነኝ!»

ፎርማኑ ማኘኩን አቆመ። «ምኑን ነው የሸጥሽው?»

«ኦሪጅናሉን ነዋ! ሽልማቱን!»

ሽቦ ሳቁን ለቀቀው። «ኦሪጅናሉንማ ኮንክሪት በልቶታል፣ እትዬ! የዚያን ትልቅ ሕንፃ የሊፍት ጉድጓድ ስንሞላ ጎንበስ ሲል ከአፎቱ ሾልኮ እርጥቡ ኮንክሪት ውስጥ ሰመጠ። በአካፋ ብንፈልግ፣ በእጅ ብንፈልግ፣ ወይ ፍንክች! አሁን ሕንፃው በሙሉ ላዩ ላይ ቆሟል። አልነገረሽም እንዴ? እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰው!»

እትዬ ሚስማር ወደ ባሏ ዞረች። ጋሽ ኦሪጅናል የጠረጴዛውን ጨርቅ ጫፍ ያጣጥፋል።

«ታዲያ እኔ የሸጥኩት ምንድን ነው?»

«ፎርጅድ» አለ በለሆሳስ። «ከአንድ አዟሪ ነው የገዛሁት። ማህተሙን ሞርጄ አጠፋሁት።»

እንባዋ ወዲያው ደረቀና ንዴቷ ፈላ። «አንተ ዐይን አውጣ! ይህን ሁሉ ዓመት ‹ቆርቆሮሽ፣ ቆርቆሮሽ› ስትለኝ፣ አንተው ቆርቆሮ አፎት ውስጥ ሰቅለህ ነው?»

«አንቺስ? ጠዋት ጠዋት ከአፎቱ ስትሰርቂ?»

«መቼ አወቅህ?»

«የሚሰረቅ ሰው አያውቅም? ጢም ለመላጨት ያን ያህል የምቆየው ፊቴ እንደ ሜዳ ሰፍቶ ነው? ወስደሽ እስክትጨርሺ እየጠበቅሁሽ እኮ ነው!»

እንግዶቹ ይህን እየሰሙ ሥጋውን ጨረሱት። ሲወጡ ፎርማኑ ብቻ የአዋቂ ፊት አሳይቶ፣ «ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል» አለ። ሽቦ ደረጃው ላይ እንኳ ሲስቅ ይሰማ ነበር።

ሁለቱ ብቻቸውን ሲቀሩ እትዬ ሚስማር እጇን ደረቷ ላይ አጣጥፋ ቆመች። አንድ ነገር አልገባትም። «ፎርጅድ ከነበረ እንዴት ያን ሁሉ ዘመን ሚስማር ቆረጠልኝ? የኔ ዕቃ በአንድ ሚስማር አፍንጫው ሲነቀል አይተሃል።»

ጋሽ ኦሪጅናል ተነስቶ ትንሿን ሞረድ ከመሳቢያ አወጣ። ጠርዟ ተበልቶ ልሙጥ ሆናለች። «ለምን ነበር ማታ ማታ የማሻሸው ይመስልሻል? አንቺ ቀን ያደነዘዝሽውን እኔ ማታ ስስል ነበር። መውሰድ የጀመርሽ ሳምንት ብረቱን እሳት አስነክቼ አጠነከርኩት፤ ብሎኑንም በሊፍት ብሎን ቀየርኩት። አንድ ቀን ባልሞርደው በነጋታው ሚስማሩ እንቢ ይልሽና በዚያ ሁሉ ተሳፋሪ ፊት ታፍሪ ነበር።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ሽልማቱን ይዘሽ ሰፈሩን ስታዳርሺ አይቼሻለሁ። ያን ያህል ደስ ብሎሽ አይቼሽ አላውቅም። ኮንክሪት በላው ብዬ እንዴት ልንገርሽ? ባለፈው ዝናብ የዘነበ ዕለት አፎቱን ስከፍት ደግሞ ሌላ ፎርጅድ አገኘሁ። በቃ፣ ደርሳብኝ ነው፣ ልታላግጥብኝ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ለዚያ ነው ጮክ ብዬ ያመሰገንኩት። ያንንም ማታ ማታ ሞክሬው ነበር፤ ብረቱ ግን እንደ ቅቤ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ከየት ነው የምታመጪው፣ አንቺ ሴትዮ?»

እትዬ ሚስማር ልትስቅ ፈለገች፤ አልቻለችም። ገበያ ላይ በአንደበቴ ነው የምሸጠው እያለች ስትኮራ ኖራለች። ለካስ የሸጠው የዚህ ሰውዬ በዘይት የራሰ ጣት ነው! አንጀቷን በላት። አጠገቡ ተቀመጠችና ያቺን የተበላች ሞረድ ከእጁ ወሰደች። «አንተ ሞኝ» አለችው፤ ከዚያ የተሻለ ነገር አልመጣላትም። ቆይታ ቆይታ ደግሞ፣ «ነገ ጢምህን ቶሎ ተላጭ፤ አብረን ነው የምንወጣው» አለችው።

አሁን ከሰማያዊው ሸራ ሥር ሁለት ወንበር አለ። እሷ ትጣራለች፣ እሱ ከካርቶኑ እያወጣ ይሞርዳል፣ ብሎን ያጠብቃል፣ ዘይት ያጠጣል። ክፋቱ ሰውየው እውነት መናገር ይወዳል። «መቀሱን ለጨርቅ እንዳትሞክረው» ይላል ለገዢ። «መጋዙንማ አለ ብለህ አትቁጠረው። አሥራ ሁለትም አይደለም፤ ዐሥር ነው።» እትዬ ሚስማር በጠረጴዛው ሥር እግሩን ትረግጠዋለች። ሆኖም ገበያው አልቀነሰም፤ እንዲያውም ሰው ጉድለቱ የተነገረውን ዕቃ ይበልጥ አመነው። ይህ ደግሞ እሷን ክፉኛ አናደዳት።

አንድ ጠዋት ያ ሹፌር በዚያ በኩል ሲያልፍ ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ ሲሞርድ አየና ቆመ።

«አባባ፣ ምን ያደክምዎታል?» አለው በአዘኔታ። «ፎርጅድ በሞረድ ኦሪጅናል አይሆንም። ኦሪጅናል ማየት ከፈለጉ ይህን ይዩ!» ብሎ ከኪሱ አወጣው። «በድምፁ ይታወቃል። ይስሙማ! አንዴ ጠቅ ይልና ዝም ይላል።»

ጋሽ ኦሪጅናል ፒንሳውን ተቀበለ። አውራ ጣቱ ማህተሙ የነበረበትን ልሙጥ ቦታ ሳይፈልግ አገኘው። ዘረጋው፤ አጠፈው። ጠቅ። እትዬ ሚስማር የሻሿን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተች።

«የት የተሠራ ይመስልሃል?» አለችው ሹፌሩን፤ ተንኮሏ አላስችል ብሏት።

«ውጭ አገር ነዋ!» አለ ሹፌሩ። «እንዲህ ያለ እጅ እዚህ የት ይገኛል?»

ሽማግሌው ማጠፊያው ላይ አንዲት የዘይት ጠብታ ጣል አደረገ፣ በጨርቅ ወለወለና መለሰለት። «እውነትህን ነው፣ ልጄ። በደንብ ያዘው» አለው። ሹፌሩ ኪሱን መታ መታ አድርጎ ወደ አውቶቡሱ ሄደ።

ጋሽ ኦሪጅናል ሞረዱን እንደያዘ ዐይኑን በክንዱ ጠረገ። እትዬ ሚስማር ጎንበስ ብላ ፊቱን አየችው።

«ምነው፣ ምን ሆንክ?»

«ዘይት ነው፤ ዐይኔ ገባ» አለ። አውቶቡሱ ወጥቶ አዲስ ተሳፋሪዎች ወደ ጠረጴዛው መጠጋት ሲጀምሩ፣ ሲሞርደው የነበረውን ፒንሳ ጠቅ አድርጎ ዘረጋና ሌላውን እጁን ወደ እሷ ሰደደ። «ሚስማር አቀብይኝ» አላት።